በእንተ ኤሌክትሪክ መኪናና መሙያው

መኪና ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ በገባበት በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ አውቶሞቢሉን ይዞ ከዳግማዊ ምኒልክ ከተማ በደረሰ ጊዜ፣ ለእርሱ የተዘጋጀ ጥርጊያ መንገድም ሆነ ነዳጅ የሚቀዳበት ማደያ በአገሩ አልነበረም፤ መንገዱም፣ ማደያውም፣ መካኒኩም ከመኪናው በኋላ፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ በብዙ ዘመን ተሟልተው መጡ። ስለዚህ ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ቀድሞ ገብቶ ኃይል የሚሞላበት ጣቢያ ወደ ኋላ ቢቀር፣ ነገሩ በታሪካችን ያልታየ መንክር ነው ሊባል አይቻልም። ልዩነቱ በሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መኪናው የንጉሠ ነገሥቱ ነበር፣ ዛሬ ግን ሐኪሙም፣ ነጋዴውም፣ በታክሲ ሥራ ልጆቹን የሚያሳድገው ሾፌርም፣ በነዳጅ የሚነዳ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፣ አዲስ መኪና ሲሹ ወደዚሁ ወደ አንዱ በር ብቻ ይመራሉ። እንግዲህ ሐተታችን በሁለት ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ መኪናውስ በእርግጥ ይገኛልን? የተገኘውስ በየት ይሞላል?

ክልከላው የተነገረው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ የመሥሪያ ቤታቸውን ሪፖርት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ሲያቀርቡ፣ ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ዳሩ ግን ነገሩ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ፣ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን እየከበደ የሚሄድ ታክስ ጥሎ፣ ከዱባይ እየተገዛ ይመጣ የነበረውን የአሮጌ ቪትዝና የኮሮላ ዘመን አሳጠረ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ በአገር ውስጥ የተገጣጠመ የኤሌክትሪክ ሂዩንዳይ አዮኒክ ለሕዝብ አሳየ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲወስን፣ ፈጽሞ ተበታትኖ መጥቶ እዚሁ ለሚገጣጠመው ምንም ቀረጥ አልጣለም። ስለዚህ የጥር ወሩ ቃል አዲስ በር የዘጋ ሳይሆን፣ አስቀድሞ ገርበብ ብሎ የነበረውን በር የቆለፈ ነው ቢባል ከእውነቱ ይቀርባል።

ምክንያቱ ግልጽ ስለ ሆነ ብዙ ቃል አይሻም። የአሰቡ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራውን ካቆመ ወዲህ፣ አገሪቱ የምታነደው ቤንዚንና ናፍጣ ሁሉ በባዕድ አገር ተጣርቶ የተገዛ ሆኖ፣ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ ወርዶ በቦቴ የሚጓጓዝ ነው፤ ሚኒስትሩም ለነዳጅ በዓመት የወጣው ወጪ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን፣ ከዚያም ከግማሽ የሚበልጠው በተሽከርካሪ መበላቱን ተናግረው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚንም ዋጋ እንዲሁ ከ100 ብር አለፈ። በአንጻሩ የኤሌክትሪኩ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአገሩ ወንዝ የሚገኝ ነው። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ ሲመረቅ ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ግን 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ይህን ሁሉ ውኃ ይዞ ቤንዚን በዶላር ለመግዛት መሰለፍ ሞኝነት ነው ያለ ባለሥልጣን ቢኖር፣ የሚከራከረው አያገኝም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መኪናው ይገኛል፤ እንዲያውም በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው፣ የአይዲ ፎርና የአይዲ ሲክስ፣ የቢዋይዲ፣ የቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ፣ ስማቸውን ለማንበብ እንኳ የሚያስቸግሩ የብዙ ቻይናውያን ፋብሪካዎችም መኪናዎች ሲመላለሱ ያያል። ነገር ግን «ይገኛል» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ በፋብሪካው ወኪል በኩል ለኢትዮጵያ ታስበው የመጡ ሳይሆኑ፣ ለቻይና ሕዝብ ተሠርተው፣ በነጋዴ እጅ ከቻይና ገበያ ተገዝተው የመጡ ናቸው። አይዲ ሲክስ ለምሳሌ፣ ስሙ የጀርመን ቢሆንም፣ ለቻይና ገበያ ተብሎ በዚያው በቻይና የሚሠራ ነው። ከዚህ የተነሣ ገዢው መኪናውን በተረከበ ማግስት ስክሪኑ ሁሉ በቻይንኛ ፊደል ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ከመኪናው ጋር የሚሠራው የስልክ መተግበሪያ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቀዋል፤ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይርለት ጎበዝ ወጣት ይፈልጋል፤ ወጣቱ ኮምፒውተሩን ይዞ መጥቶ መሪው ሥር ሲጎረጉር ሳለ፣ ባለ መኪናው የሚሆነውን ሳያውቅ ከጎኑ ቆሞ ይጠብቃል። በዋስትና ረገድማ ዝም ማለት ይሻላል፤ በፋብሪካው ያልታወቀ ሽያጭ በፋብሪካው ዘንድ ዋስትና የለውም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የመሰኪያው ነገር ነው፤ ይህም ሁለቱን ጥያቄዎቻችንን የሚያስተሳስር ቋጠሮ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ለቻይና የተሠራ መኪና ጂቢ-ቲ የሚባለውን የቻይናን የመሰኪያ ደንብ ይከተላል፤ በዚህ ደንብ በዝግታ ለመሙላት ሰባት እግር ያለው አንድ ሶኬት፣ በፍጥነት ለመሙላት ደግሞ ዘጠኝ እግር ያለው ሌላ ሶኬት ለየብቻቸው አሉ። ለአውሮፓ የተሠራው ግን ሲሲኤስ ሁለት የተባለውን ደንብ ይዞ፣ ሁለቱን በአንድ አፍ ያጣምራል። አንደኛው በሌላው ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። በመካከል አዳፕተር የሚባል አስታራቂ መሣሪያ አለ፤ ይሁን እንጂ በዝግታ ሲሞላ ጉዳት ባይኖረውም፣ ብዙ አምፔር በሚያልፍበት በፈጣኑ መሙያ ላይ በርካሽ የተገዛ አዳፕተር ግሎ ይቀልጣል፤ ሶኬቱንም ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ባለ ሀብት ጣቢያ ሊከፍት ሲያስብ፣ በየትኛው ደንብ ይሥራ? የብዙኃኑ መኪና የቻይናውን ደንብ ይሻል፤ ከሌላው ዓለም የሚመጣው ግን በዚያ አይጠቀምም፤ ሁለቱን ይትከል ቢባል ወጪው ይጨምራል። ነዳጅ ቢሆን ኖሮ የቤንዚን ማፍሰሻው ከየትኛውም አገር ከመጣ መኪና ጋር ይስማማ ነበር። መንግሥት መኪናውን በአንድ ዓይነት ኃይል ሲወስን መሰኪያውን ግን ለገበያው ዕድል መተዉ፣ የሥርዓቱ ታላቅ ጉድለት ሆኖ ይታየኛል።

መኪናው ተገኘ እንበል፤ በየት ይሞላል? የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው መልሱ ቀላል ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በተራ የግድግዳ ሶኬት፣ በ10 አምፔርና በ220 ቮልት ሲሞላ፣ ከባዶ እስከ ሙሉ 27 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የ7 ኪሎ ዋት መሙያ ግን ሌሊቱን ዘጠኝ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጠግባል። በከተማ ውስጥ በቀን 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከዚህም ያነሰ ይበቃዋል። ይህ ሰው ማደያ ደጃፍ ለሰዓታት መሰለፉ ቀርቶለት፣ ማታ ሰክቶ ጧት ይነቅላል፤ በወሩ መጨረሻ የሚከፍለውም፣ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ቢመጣም፣ ለቤንዚን ይከፍለው ከነበረው ጥቂት ክፍል ነው። እርሱ የሕዝብ ጣቢያ መኖር አለመኖሩን ሊረሳው ይችላል።

በጋራ መኖሪያ ቤት ለሚኖረው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ኬብሉን በመስኮት አውርዶ፣ መጋጠሚያውን በፕላስቲክ ከረጢትና በፕላስተር ጠቅልሎ፣ በዝናብ ወራት ሌሊት እየተነሣ ሲመለከት ማየት በከተማችን እንግዳ አይደለም። ኬብሉ የታችኛውን ጎረቤት መስኮት ያቋርጣል፤ ሌላው ጎረቤት መኪናውን እዚያው ቦታ አቁሞበት ያድራል፤ የሕንፃው ኮሚቴ «እሳት ቢነሣ ማን ይጠየቃል?» ብሎ ይሰበሰባል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ለመብራትና ለምጣድ ተብሎ የተዘረጋ ሽቦ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲሠራ እንደሚግል የታወቀ ነው። ተከራይ የሆነውማ ከዚህም የባሰ ነው፤ አከራዩ የግቢውን ቆጣሪ ለመኪና ሊያካፍለው አይወድም። እንግዲህ የሕዝብ ጣቢያ የሚባለው ነገር ማንን እንደሚያገለግል ከዚህ ይታወቃል፤ ግቢ የሌለውን፣ ተከራዩን፣ በቀን 200 ኪሎ ሜትር የሚነዳውን ሾፌር፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዘውንም ነው። ስለ ጣቢያ ብዛት ሲነገር ይህ ባይዘነጋ መልካም ነው፤ ጣቢያው ባለ ቪላው በሚኖርበት ሰፈር ቢበዛ ቁጥሩን ያሳምራል እንጂ ችግሩን አያቃልልም።

ብዙ ሰው የሚስትበት ሌላ ነገርም አለ። ግድቡ ከተመረቀ ኃይል ሞልቶ ተርፏል፤ ታዲያ የመሙላት ችግር ከየት ይመጣል? የሚሉ አሉ። ኃይል የሚያመነጨው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሌላ፣ ለቤቱ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ በሁለቱ መካከል ረጅም መሥመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ በመጨረሻም በሰፈር ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር አለ። አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ቢሆን፣ በዚያ ሥር ያሉ 40 ቤቶች ማታ በአንድ ጊዜ የ7 ኪሎ ዋት መሙያቸውን ቢሰኩ 280 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ለምግብ ማብሰያው፣ ለመብራቱ፣ ለውኃ ፓምፑ የሚቀረው ምናምኒት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ወይም 4 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ፣ አንድ የመኪና መሙያ ሁለት ምጣድ ማለት ነው፤ ምጣዱ ግን ለአንድ ሰዓት ተሰክቶ ይነቀላል፣ መኪናው ሌሊቱን ያድራል። ስለዚህ የዓባይ ግድብ ተርባይን ሁሉ ቢዞር እንኳ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ካልተለወጠ መብራቱ ይጠፋል። መድኃኒቱም ከባድ አይደለም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚሞላ ሰው ዋጋ የሚቀንስ፣ በሰዓት ልዩነት የሚያስከፍል ቆጣሪ ቢተከል፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ከመሻማት ይድናል፤ ያደረውም ውኃ በከንቱ አይቀርም። ኃይሉን ለቢትኮይን ቆፋሪዎች በዶላር ለመሸጥ ዘዴ የተገኘለት አገር፣ ለራሱ ሾፌር የሌሊት ታሪፍ ማውጣት ሊያቅተው አይገባም።

ወደ ሕዝባዊው ጣቢያ እንምጣ። በዚህ ረገድ ብዙዎች የጠበቁት ከነዳጅ ኩባንያዎች ነበር፤ ሥራውን በስፋት የጀመረው ግን የስልክ መሥሪያ ቤቱ ሆነ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ፈጣን መሙያዎች ያሉበትን ጣቢያ ከፍቶ፣ ክፍያውን በቴሌብር አደረገ። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስገርማል፤ ነገር ግን ይህ መሥሪያ ቤት በየቦታው መሬት፣ የኤሌክትሪክ መሥመር፣ የገንዘብ መሰብሰቢያ ዘዴም ያለው ስለ ሆነ፣ ከማንም ይልቅ ቀርቦ ነበር ማለት ይቻላል። በግል ባለ ሀብቶችም የተከፈቱ ጣቢያዎች እዚህም እዚያም አሉ።

ማታ ወደ እንዲህ ያለ ጣቢያ የሄደ ሰው የሚያየው ይህ ነው፦ የስልክ ጥሪ የሚጠብቁ የታክሲ ሾፌሮች ወንበራቸውን ወደ ኋላ አጋድመው ያሸልባሉ፤ በመሙያው መስታወት ላይ ቁጥሩ ከ20 ተነሥቶ በፍጥነት ይወጣል፤ 80 ሲደርስ ግን እርምጃው ያዘግማል። ይህ የመሣሪያው ስንፍና አይደለም፤ ባትሪው ሲጠግብ እንዳይጎዳ ራሱ ፍሰቱን ስለሚቀንስ ነው። ከ10 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ያህል የበቃው መኪና፣ የቀረችውን 20 ለመጨመር ሌላ ያንኑ ያህል ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ይህን ያወቀው ሾፌር 80 ላይ ነቅሎ ይሄዳል፤ ያላወቀው ወይም ቤት ውስጥ መሙያ የሌለው ግን 100 ሳይሞላ አልነቅልም ብሎ ተራውን የሚጠብቀውን ያስመርራል። መብራት የሄደ እንደ ሆነም ሁሉም ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ጄኔሬተር ያለው ጣቢያ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ግን ናፍጣ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ መሙላት ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ እተዋለሁ።

ከከተማ ውጭ ያለው መንገድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ከፍታው ወደ 700 ሜትር ስለሚቀንስ፣ መኪናው እየወረደ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ 1,800 ኪሎ ግራም ለሚመዝን መኪና ይህ ከፍታ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ሲመለስ ግን ያንኑ ዕዳ በዳገቱ ላይ ይከፍላል። ይህን ያላሰበ ሰው ሲወርድ በተመለከተው ቁጥር ተደስቶ ሲመለስ ይጨነቃል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ከዚያም ወደ ደጀን ለሚወጣ መንገደኛ ደግሞ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል የሚወጣበት ስለ ሆነ፣ ፋብሪካው በወረቀት ላይ የጻፈው «500 ኪሎ ሜትር» ተስፋ እንጂ ውል አይሆንለትም። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥሩ ባትሪ ያለው መኪና ሞልቶ ተነሥቶ ይደርሳል፤ ደርሶ የሚሞላበት ሶኬት ማግኘቱ ግን በእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። ወደ ባሕር ዳርና ደሴ፣ ወደ ጅማና ጎንደር ለሚጓዘው ሰው ጉዞው አስቀድሞ የሚደወልበትና የሚለመንበት ሆኗል። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት ያላገኘበት አገር ስለ ሆነ፣ ገጠሩን ከዚህ ክርክር ውጭ ማድረግ ግድ ነው፤ የዋና ዋናው መንገድ ግን በዚህ ሊመካኝ አይችልም።

በሌላው ዓለም የተደረገውን በአጭሩ ብናይ፣ እንደ እኛ ኃይሏን ከውኃ የምታገኘው ኖርዌይ ነዳጅ የሚበላውን መኪና በሕግ ሳትከለክል፣ ከ30 ዓመት በላይ በቀረጥ እየገፋች፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪናዎች 89 በመቶው ኤሌክትሪክ እንዲሆኑ አድርጋለች። ከዚያ ልንማር የሚገባን ግን ከመቶኛው ይልቅ ሌላ ነገር ነው፤ በጋራ ሕንፃ የሚኖር የቤት ባለቤት በመኪና ማቆሚያው መሙያ ለማስገባት ሲጠይቅ፣ ማኅበሩ በቂ ምክንያት ከሌለው በቀር እንዳይከለክለው ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ደንግጋለች። የአውሮፓ ኅብረትም በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎቹ በየ60 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን ጣቢያ እንዲኖር፣ በባንክ ካርድም እንዲከፈልበት ለአባል አገሮቹ አዝዟል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚሁ 5 ቢሊዮን ዶላር መድባ ሳለ ግንባታው በአስተዳደር ውጣ ውረድ እጅግ መዘግየቱ፣ ገንዘብ ብቻውን ጣቢያ እንደማይተክል ያሳያል። ቻይና ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕዝባዊ መሙያ አላት፤ መኪናዎቿ እዚህ በርካሽ የደረሱትም በዚያ ሰፊ ገበያ ላይ ስለ በቀሉ ነው።

ፍርዴን ልናገር። መኪናውን ማስቀደሙ ስሕተት ነው የሚሉትን አልከተልም፤ መኪናው ባይቀድም ኖሮ ጣቢያ የሚተክል አንድም ሰው አይገኝም ነበር፤ የታክሲው ሾፌርም እስከ ዛሬ ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ባደረ። ስሕተቱ ከቀደመ በኋላ የተከተለው ዝግመት ነው። የመሰኪያው ደንብ አንድ መሆን፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የመሙላት መብት፣ የሌሊት ታሪፍና የሰፈር ትራንስፎርመር፣ በአውራ ጎዳናዎችም ላይ የታወቀ ርቀት ጠብቆ የሚተከል ጣቢያ፣ ከክልከላው ጋር በአንድ ቀን ሊታወጁ የሚገባቸው ነበሩ። የሚመለከታችሁ ባለሥልጣናት ሆይ፣ ከእነዚህ አንዱን ብቻ እናስቀድም ብትሉ፣ የጋራ ሕንፃውን ነዋሪ አስቀድሙ፤ ባለ ግቢው በራሱ መላ ችሏል።

ለገዢውም አንድ ቃል። ከነጋዴው ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት የቤትህ ቆጣሪ ስንት አምፔር እንደሚችል የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠይቅ፤ ከዚያ የመኪናውን የመሰኪያ ክዳን ከፍተህ ሶኬቱ ስንት እንደ ሆነና የማን ደንብ እንደ ሆነ ተመልከት፤ ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ የሚያሳይ ምርመራ ሳይደረግ ቀብድ አትስጥ።